ፍሪድል፦ ልጆችን ሥዕላቸው ላይ ስማቸውን ያስጻፈች አስተማሪ

ይህ ገጽ የሰዎች የሕይወት ታሪክ የሚቀርብበት ገጽ ነው። የዛሬዋ ባለታሪክ ፍሪድል ዲከር ብራንዳይስ ትባላለች። ራሷ ጎበዝ ሠዓሊ ነበረች፤ ስሟ ከሞተች ከስንት ዓመት በኋላም የሚነሳው ግን በሣለችው ብቻ ሳይሆን ልጆችን ሥዕል በማስተማሯ ነው። ከመካከላችን ብዙዎቻችን የሰው ልጅ ጠባቂዎች ነን። ልጆቹ ወረቀትና ቀለም ዘርግተው ወለሉ ላይ ሲንጋለሉ አጠገባቸው የምንቀመጠው፣ በኋላም ቀለሙን ከምንጣፉ ላይ የምናስለቅቀው እኛው ነን። ስለዚህ ታሪኳ ይገባናል ብዬ አመጣሁላችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ፍሪድል ጁላይ 30 ቀን 1898 በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና፣ ከአንድ እጅ አጠር አይሁዳዊ ቤተሰብ ተወለደች። የመዝገብ ስሟ ፍሪደሪከ ነው፤ ፍሪድል የቁልምጫ ነው፤ እኛ ወርቅነሽን ወርቄ እንደምንለው ማለት ነው። ገና አራት ዓመቷ ሳለ እናቷ ሞተች። አባቷ የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር፤ ልጅቷም ወረቀቱን፣ እርሳሱንና ቀለሙን የለመደችው ከዚያ ሱቅ ነው። እናት የሌላት ልጅ መጫወቻዋ ወረቀት ሆነ።

አሥራ አራት ዓመት ገደማ ሲሆናት የፎቶግራፍ ሥራ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ገባች። ከዚያ ወደ ቪየና የእጅ ጥበብ ትምህርት ቤት ተሻግራ የጨርቃ ጨርቅ ሥራ ተማረች። እዚያ ፍራንዝ ቺዜክ የሚባል መምህር አገኘች። ይህ ሰው ከ1897 ጀምሮ የልጆች የሥዕል ክፍል ከፍቶ ያስተምር ነበር። በዚያ ዘመን ለልጅ ሥዕል ማስተማር ማለት ማስገልበጥ ነበር፤ መምህሩ ሰሌዳ ላይ ማሰሮ ይስላል፣ ክፍሉ ሙሉ ልጅ ያንኑ ማሰሮ ይገለብጣል፣ ያጣመመ ይቆጣል። ቺዜክ ይህን ሁሉ ተወው። ልጅ የራሱ አሳሳል አለው፤ የትልቅ ሰው ሥዕል ሞክሮ ያልተሳካለት ሰው አይደለም የሚል እምነት ነበረው። ወረቀትና ቀለም ሰጥቶ፣ ሐሳብ ጣል አድርጎላቸው፣ እጃቸውን ግን አይነካም። ፍሪድል ይህንን አየች፤ ዕድሜዋን ሙሉም አልለቀቃትም።

ቀጥሎ የመጣው መምህር ዮሃንስ ኢተን የሚባል የስዊዝ ሰው ነው። በ1916 ቪየና ውስጥ የግል የሥዕል ትምህርት ቤት ሲከፍት ፍሪድል ገባች። ኢተን ትንሽ ለየት ያለ ሰው ነበር። ተማሪዎቹን ብሩሽ ከማስያዙ በፊት አስነስቶ ሰውነታቸውን ያፍታታል፣ በረጅሙ ያስተነፍሳል፣ ክንዳቸውን በአየር ላይ ያስወዛውዛል። መስመር ከጣት የሚወጣ ሳይሆን ከመላ ሰውነት የሚወጣ ነው ብሎ ያምን ነበር። በ1919 ጀርመን አገር ቫይማር ከተማ ውስጥ ባውሃውስ የሚባለው ታላቅ የጥበብ ትምህርት ቤት ሲከፈት ኢተን እዚያ መምህር ሆኖ ተጠራ፤ ፍሪድልና ሌሎች ተማሪዎቹም ተከትለውት ሄዱ።

ባውሃውስ ዛሬ በዓለም ላይ የምናየውን የወንበርና የሕንፃ ቅርጽ የቀየረ ትምህርት ቤት ነው። ሴቶችን ይቀበላል፤ ከተቀበለ በኋላ ግን አብዛኞቹን ወደ ሽመናው ክፍል ነበር የሚገፋው። ፍሪድል ሽመናውንም ሠራች፣ ኅትመቱንም፣ መጽሐፍ መጠረዙንም፣ የቲያትር ልብሱንም። ጉብዝናዋ ስለታየ ገና ተማሪ ሳለች አዲስ ለሚገቡት እንድታስተምር ተደረገ። በ1921 ፓውል ክሌ የተባለው ዝነኛ ሠዓሊ እዚያ ማስተማር ሲጀምር የእሱንም ትምህርት ተከታተለች። ክሌ በውሃ ቀለም የታወቀ ነው፤ የልጆችንም ሥዕል አክብሮ የሚያይ ሰው ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ውሃ ቀለም ጥቂት ልበል፤ ኋላ ለሚመጣው ይጠቅመናል። የውሃ ቀለም ርካሽ ይመስላል፤ ልጆች በትንንሽ ሳጥን የሚሰጣቸው እሱ ነው፤ ግን ከባድ ነው። በዘይት ቀለም ሲሳሳቱ ደርበው ይሸፍኑታል። የውሃ ቀለም ከሥር ያለውን ሁሉ ያሳያል፤ ለመሸፈን በጨመሩበት ቁጥር ጭቃ ይሆናል። ነጩ ቀለም ራሱ ወረቀቱ ነው። ስለዚህ ብርሃን የሚፈልጉበትን ቦታ ሳይነኩ መተው ነው፤ ከተነካ አይመለስም። ከሳሳው ተጀምሮ ወደ ደማቁ ይኬዳል፤ የመጀመሪያው ሳይደርቅ ሁለተኛውን ያስከተለ ሰው ቀለሙ ሻይ ላይ እንደጠበጠበ ወተት ይበተንበታል። መበተኑን ፈልጎ ያደረገው ከሆነ ደግሞ ደመና ይሆንለታል፣ ውሃ ይሆንለታል። እንግዲህ ለልጅ ይህን ማስተማር ማለት ሁለት ነገር ማስተማር ነው፤ መጠበቅን፣ እና ያልታሰበው ሲመጣ አለመደንገጥን። አብዛኞቹ ትልልቅ ሰዎች ሁለቱንም አንችልም።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። ፍሪድል ባውሃውስን በ1923 ለቃ በርሊን ሄደች፤ ቆይታም ወደ ቪየና ተመለሰች። ፍራንዝ ዚንገር ከሚባል ጓደኛዋ ጋር ስቱዲዮ ከፍታ የቤት ዕቃና የቤት ውስጥ ንድፍ ትሠራ ነበር። ሥራቸው የተወደደ ነበር፤ ወንበሮቻቸው ተደራርበው የሚቀመጡ፣ አልጋዎቻቸው ቀን ቀን የሚታጠፉ ናቸው። ከሠሯቸው ውስጥ ጎተሆፍ በሚባለው የቪየና የሠራተኞች መኖሪያ ሕንፃ ውስጥ የነበረ መዋዕለ ሕፃናት ይገኛል። ኋላ ናዚዎች አጠፉት። በ1931 ደግሞ የቪየና መዋዕለ ሕፃናት አስተማሪዎችን ሥዕል እንድታስተምር ተጠየቀች። ያኔ ነው ከቺዜክና ከኢተን የተማረችውን አንድ ላይ አዋሕዳ የራሷን መንገድ የያዘችው።

ከተማሪዎቿ አንዷ ኤዲት ክራመር የምትባል ታዳጊ ነበረች። አሥራ ሦስት ዓመት ሲሆናት ከፍሪድል ዘንድ ሥዕል መማር ጀመረች። ይህችን ልጅ አስታውሷት፣ ወደኋላ ትመጣለች።

በ1934 በኦስትሪያ የእርስ በርስ ግጭት ተነሳ። ፍሪድል የኮሙኒስት ፓርቲ ሰው ስለነበረች፣ በስቱዲዮዋም የሐሰት ፓስፖርት ተገኘ ተብሎ፣ ተይዛ ታሰረች፤ ተመረመረች። ስትፈታ ቪየና ለእሷ የሚሆን አገር አልነበረም። ወደ ቼኮዝሎቫኪያ ዋና ከተማ ወደ ፕራግ ተሰደደች፤ ኤዲትም ተከትላት ሄደች።

ስደት ነው እንግዲህ። ያኔ ፕራግ ከሂትለር ጀርመን በሸሹ ሰዎች ተሞልታ ነበር። ወላጆች በየቢሮው ወረቀት ፍለጋ ይውላሉ፤ ልጆቹ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ክፍል ይንከራተታሉ፤ ቋንቋውም አዲስ ነው። ፍሪድል እነዚህን የስደተኛ ልጆች ሰብስባ ሥዕል ማስተማር ጀመረች። ገንዘብ የላትም፤ ክፍሏ ጠባብ ነው። ከልጆቹ አንዱ ጌኦርግ አይስለር ኋላ የታወቀ ሠዓሊ ወጥቶታል። አጠገቧ ሆና የምትረዳትና የምትመለከታት ኤዲት ደግሞ፣ የተጎዳ ልጅ በቃል የማይናገረውን በቀለም እንደሚያወጣው ያየችው እዚያ ነው። ኤዲት በ1938 ወደ ኒውዮርክ አምልጣ፣ ያየችውን ወደ ሙያ ለወጠችው። ዛሬ የተጎዱ ልጆችን በሥዕል የማከም ሥራ፣ አርት ቴራፒ የሚባለው፣ ከመሠረቱት ሰዎች አንዷ እሷ ናት። በ2014 በ97 ዓመቷ እስክትሞት ድረስ የመጀመሪያ መምህሯ ፍሪድል መሆኗን አልደበቀችም።

ፍሪድል በ1936 የአክስቷን ልጅ ፓቬል ብራንዳይስን አገባች። ልጅ ትመኝ ነበር፤ አልሆነላትም። በ1938 ፓቬል ሥራ ስላገኘ ህሮኖቭ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ሄዱ። የጨርቅ ፋብሪካ ሒሳብ ሠራተኛ ነበር። በዚያው ሰሞን ፍሪድል ወደ ፍልስጤም የሚያስገባ ቪዛ አገኘች። ለእሷ እንጂ ለባሏ አልነበረም። አልሄደችም።

እኔ ይህን ሳነብ ብዙ አሰብኩ። ከመካከላችን ባልና ልጅ ትታ ያልመጣች ስንት አለች? እኛ ቪዛው ሲመጣ ለማን እንደመጣ አይተን እኮ ነው የወጣነው፤ አንዱ ይሂድ፣ ሌላው ኋላ ይደርሳል ብለን። እሷ ሌላውን መንገድ መረጠች። ማንም በዚያ ሰዓት የሚመጣውን አያውቅም ነበርና ትክክል ነበረች ወይም ተሳስታለች ለማለት አልደፍርም።

ጀርመኖች አገሩን በ1939 ከያዙ በኋላ ለአይሁዳውያን የቀረ ነገር አልነበረም። ሥራ ተከለከለ፣ ከቤት ወደ ጠባብ ቤት ተባረሩ። ፍሪድል በእነዚያ ዓመታት የምትሥለው መልክ ተለወጠ። የድሮው የባውሃውስ አዲስ አዲስ ነገር ቀርቶ ጸጥ ያለ ነገር ትሥላለች፤ አበባ፣ ከመስኮት የሚታይ ሜዳ፣ የሰው ፊት። በ1940 እሷ ህሮኖቭ ተዘግታ ተቀምጣ ሳለች ሥዕሎቿ ለንደን ውስጥ ለዕይታ ቀረቡ። ሥዕሉ ድንበር ተሻገረ፣ ሠዓሊዋ ቀረች።

በ1942 መጨረሻ ጥሪው ደረሳቸው። እያንዳንዱ ሰው ሃምሳ ኪሎ ዕቃ መያዝ ይችላል ተባለ።

እህቶቼ፣ ኪሎ ምን እንደሆነ ለእናንተ አይነገርም። ሻንጣ ሚዛን ላይ ወጥቶ ሲበዛ የትኛው ይውጣ፣ በርበሬው ወይስ ጫማው ብሎ መሬት ላይ መበተንን የምናውቅ ሰዎች ነን። ፍሪድል ዲሴምበር ላይ፣ አውሮፓ በበረዶ ሳለ፣ ወዴት እንደምትሄድ በቅጡ ሳታውቅ ሻንጣዋን ያዘጋጀችው ለልጆች ነው። አብዛኛውን ክብደት የያዘው ወረቀት፣ ቀለም፣ ብሩሽና እርሳስ ነበር። እንዲያውም አንሶላዎቿን ቀለም ነከረቻቸው ይባላል፤ አረንጓዴው አንሶላ ልጆቹ ቲያትር ሲሠሩ ጫካ እንዲሆንላቸው ብላ። ዲሴምበር 17 ቀን 1942 ከባሏ ጋር ቴሬዚን ገባች።

ቴሬዚን ከፕራግ በስተሰሜን ስልሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ያለ፣ በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዘመን በግንብ የታጠረ የወታደር ከተማ ነው። ከጦርነቱ በፊት ሰባት ሺህ ያህል ሰው ይኖርበት ነበር። በ1942 ሴፕቴምበር ላይ ከሃምሳ ሺህ በላይ እስረኛ ታጉሮበት ነበር። በጠቅላላው ከ140,000 በላይ ሰው ገብቶበታል። ከእነዚህ 33,000 ያህሉ እዚያው በረሃብና በበሽታ ሞቱ፤ 88,000 ያህሉ ደግሞ ወደ ሞት ካምፖች በባቡር ተጫኑ። የሚጫነው ማን እንደሆነ የሚታወቀው ስም ሲጠራ ነው። ልጅ ማታ አብሮት የተኛው ጓደኛው ጧት ይጠራል።

ልጆቹን የእስር ቤቱ አይሁዳውያን መሪዎች በተቻለ መጠን ለብቻ ቤት ሰጥተው ነበር። ኤል 410 የሚባለው የሴት ልጆች ቤት ነው፤ ፍሪድል የኖረችውም በዚያ ቤት ነው። ባለ ሦስት ፎቅ የእንጨት አልጋ፣ በአንድ ክፍል ከሃያ በላይ ልጅ፣ ቁንጫና ትኋን። ትምህርት ማስተማር በጀርመኖች የተከለከለ ነው። መዝፈን፣ መሣልና የእጅ ሥራ ግን አልተከለከለም። ስለዚህ አሳዳጊዎቹ ሒሳቡንም ታሪኩንም በጓዳ በር ሲያስተምሩ፣ አንድ ልጅ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ጀርመን ከመጣ መዝሙር ይጀመራል።

የፍሪድል ትምህርት እንዲህ ነበር። ልጆቹ ጠረጴዛ ዙሪያ ይሰበሰባሉ፤ ቦታ ያጣው አልጋ ላይ ይቀመጣል። በመጀመሪያ እጅ ማፍታታት ነው፤ ከኢተን የተማረችውን አልረሳችም። እሷ በምት ታዛለች፣ እነሱ እርሳሱን ከወረቀት ሳያነሱ ክቡን፣ ጥምዝምዙን፣ ሰንሰለቱን ያወርዱታል፤ ፈጥነው፣ ቀስ ብለው፣ ጠንክረው፣ አልስልሰው። ለምን ይህን ታደርግ ነበር? የተራበና የፈራ ልጅ እጁ የታሰረ ነው። ካልተፈታ ቤት ሣል ሲሉት ትንሽ ሳጥን ጥግ ላይ ሠርቶ ያቆማል።

አንዳንድ ቀን ተረት ትነግራቸዋለች፤ በተረቱ ውስጥ የተጠራውን ነገር እየሰሙ ይሥላሉ። አንዳንድ ቀን ዕቃ ታስቀምጣለች፤ የአበባ ማስቀመጫ፣ የእንጨት ጫማ፣ ቁራጭ ጨርቅ። አንዳንድ ቀን የታላላቅ ሠዓሊዎችን ሥራ ታሳያቸዋለች፤ የሆላንዱን የፌርሜርን፣ የቫን ጎግን። ልጆቹ እሱን በወረቀት ቁርጥራጭ እየለጠፉ የራሳቸው አድርገው ይሠሩታል። ቀለም ውድ ነው፤ ሻንጣዋ ይዛ የመጣችው ያልቃልና። ወረቀት ደግሞ ከየቢሮው የተጣለ ፎርም፣ በአንድ በኩል ጽሑፍ ያለበት፣ መጠቅለያም ጭምር ነው። እንዲህ ያለ ወረቀት ለውሃ ቀለም አልተሠራም፤ ይመጣል፣ ይጨማደዳል፣ ጽሑፉ ከኋላ ያሳያል። ልጆቹ ግን በውሃ ቀለም የሣሏቸው ብዙ ሥዕሎች ዛሬም አሉ። በግራጫ የቢሮ ወረቀት ላይ ቢራቢሮ አለ፣ የአበባ መስክ አለ።

የማንንም ሥዕል በእጇ አታርምም ነበር። ከአንዱ ጋር ሌላውን አታወዳድርም። ከልጆቹ ትልልቆቹ ለታናናሾቹ ቀለም ቀምሰው... ኧረ ቀለም ቆጥበው እንዲያካፍሉ ታደርጋለች። ልጆቹ የሚሥሉት ምን ነበር ካላችሁ፣ አብዛኛው ቤት ነው፤ መንገድ፣ መስኮት፣ ምግብ የተደረደረበት ጠረጴዛ። የእስር ቤቱንም ሣሉ፤ ሦስት ፎቅ አልጋውን፣ የምግብ ሰልፉን፣ የሬሳ ጋሪውን። አንዳንድ ሰዎች ይህ ሁሉ ልጆቹን ለማረሳሳት ነበር ይላሉ። እኔ አይመስለኝም። ማረሳሳት ቢሆን ዕቃ አስቀምጣ አንድ ሰዓት ሙሉ ልብ ብለው እንዲያዩ ባላደረገች ነበር። ማየትን ነው ያስተማረቻቸው።

በ1943 የልጆቹን ሥዕል በአንድ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ሰቅላ ኤግዚቢሽን አሳየች። በዚያው ዓመት ለአሳዳጊዎቹ ስለ ልጆች ሥዕል ንግግር አደረገች። የንግግሩ ፍሬ ነገር ይህ ነበር፦ ዓላማው ልጆቹን ሁሉ ሠዓሊ ማድረግ አይደለም፤ በውስጣቸው ያለውን ጉልበት መፍታት ነው፤ ትልቅ ሰው ልጅን ወደ ራሱ አሳሳል በጥድፊያ የሚጎትት ከሆነ ልጁ የራሱን ያጣል። እስር ቤት ውስጥ፣ በረሃብ መካከል፣ ሰዎች ተቀምጠው ይህንን ይከራከሩ ነበር ብላችሁ አስቡት።

አሁን ወደ ስሙ ጉዳይ ልምጣ። ቴሬዚን ውስጥ ሰው የሚመዘገበው በመጣበት ባቡር ቁጥር ነው። ዝርዝሩም፣ ጥሪውም በዚያ ነው። የፍሪድል ተማሪዎች ግን ሥዕላቸውን ሲጨርሱ ስማቸውን ይጽፉበታል። ብዙ ጊዜም ክፍላቸውን ወይም ዕድሜያቸውን። ትንሹም ልጅ፣ አጣሞም ቢሆን፣ ይጽፋል። ይህንን አጥብቃ ትፈልግ ነበር። ለአፋቸው ከበዳቸው ተብሎ ሌላ ስም የወጣልን፣ ወይም ጭራሽ በስም ሳንጠራ ዓመት የሞላን ጥቂት አይደለንም። ወላጅ ያወጣልህን ስም በራስህ እጅ ወረቀት ላይ ማስቀመጥ ምን እንደሆነ ለሌላ ሰው ማስረዳት ይከብድ ይሆናል፤ ለእናንተ ግን አላብራራም።

ጁን 23 ቀን 1944 የቀይ መስቀል ሰዎች ቴሬዚንን ሊጎበኙ መጡ። ጀርመኖች ቀድመው ቤቱን ቀለም ቀቡት፣ አበባ ተከሉ፣ ሰው በዝቶ እንዳይታይ ሺዎችን አስቀድመው ወደ አውሽቪትስ ጫኑ። እንግዶቹ ያሳዩዋቸውን አይተው ሄዱ። ሴፕቴምበር 28 ቀን ትልቁ ጭነት ተጀመረ። ወንዶቹ ወደ ሌላ የሥራ ካምፕ ትሄዳላችሁ ተባሉ። ፓቬል ከነሱ ጋር ተጫነ። ቴሬዚን ውስጥ በአናጢነት ይሠራ ነበር።

ሚስቶች መከተል ይችላሉ ተባለ። ፍሪድል ስሟን ራሷ አስመዘገበች። ከዚያ በፊት የልጆቹን ሥዕሎች በሁለት ሻንጣ ሰብስባ እንዲደበቁ አደረገች። ኦክቶበር 6 ቀን በተነሳው ባቡር ሄደች፤ ከተማሪዎቿም ብዙዎቹ በዚያው ባቡር ነበሩ። ኦክቶበር 9 ቀን 1944 በአውሽቪትስ ቢርከናው በጋዝ ተገደለች። አርባ ስድስት ዓመቷ ነበር።

ፓቬል ተረፈ። የእንጨት ሥራው ሳያድነው አልቀረም። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ሌላ ትዳር መሥርቶ ኖሮ በ1971 ሞተ።

ሻንጣዎቹን በኦገስት 1945 ከኤል 410 አሳዳጊዎች አንዱ የነበረው ቪሊ ግሮአግ ፕራግ አምጥቶ ለአይሁዳውያን ማኅበር አስረከበ። ስትከፈት 4,500 ያህል ሥዕል ተገኘ። ሰው ብዙ አላስተዋለውም ነበር፤ ከእልቂቱ የተመለሰ ሰው የልጅ ሥዕል የሚያይበት ልብ ከየት ያመጣል? ቆይቶ ግን ሥዕሎቹ አንድ በአንድ ተዩ። ስም አለባቸው። ስሙን ከባቡሩ ዝርዝር ጋር ማስተያየት ተቻለ። ሥዕሎቹን ከሠሩት 660 ያህል ልጆች ውስጥ 550 ያህሉ መገደላቸው የታወቀው በዚህ መንገድ ነው። ዛሬ በፕራግ የአይሁድ ሙዚየም ይገኛሉ፤ ከፊሎቹ ፒንካስ በሚባለው አሮጌ ምኩራብ ፎቅ ላይ ለጎብኚ ተሰቅለዋል።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። በ2000 ፉሚኮ ኢሺኦካ የምትባል የጃፓን ሴት፣ ቶኪዮ ውስጥ ላለች ትንሽ የልጆች ማዕከል፣ ከአውሽቪትስ ሙዚየም አንድ ባዶ ሻንጣ በውሰት አገኘች። ሻንጣው ላይ በነጭ ቀለም ሃና ብሬዲ የሚል ስም፣ ሜይ 16 ቀን 1931 የሚል የልደት ቀን፣ ወላጅ አልባ የሚል ቃል ተጽፏል። ሌላ ምንም የለም። የጃፓን ልጆች ይህች ልጅ ማን ናት ብለው ጠየቋት። ፉሚኮ በየሙዚየሙ ደብዳቤ ጻፈች፤ ከአንዱ በቀር ሁሉም አናውቃትም አሉ። ቴሬዚን ግን መለሰ። ሃና በኤል 410 ኖራለች፤ ከፍሪድል ሥዕል ከተማሩት አንዷ ናት፤ የሣለቻቸው ሥዕሎችም በስሟ ተለይተው ተቀምጠዋል አለ። ፎቶውንም ላከ።

ፉሚኮ ያንን ይዛ ቴሬዚን ድረስ ሄደች። በስም ዝርዝሩ ላይ ከሃና ጋር ሌላ ብሬዲ አገኘች፤ ወንድሟ ነው። ከስሙ ጎን መሞቱን የሚያሳየው ምልክት አልነበረም። አፈላልጋ በካናዳ፣ ቶሮንቶ ውስጥ አገኘችው። ጆርጅ ይባላል፤ ያኔ የ72 ዓመት ሽማግሌ ነበር። ሃና በ1944 ኦክቶበር ላይ፣ ከመምህሯ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይታ፣ በ13 ዓመቷ አውሽቪትስ ተገድላለች። ሻንጣው ራሱ ዋናው ሳይሆን ከተቃጠለው አስመስለው የሠሩት ቅጂ መሆኑ ኋላ ታወቀ። ሥዕሎቹ ግን የራሷ እጅ ናቸው። ጆርጅ በማርች 2001 ቶኪዮ ድረስ ሄዶ ስለ እህቱ ለጠየቁት ልጆች ነገራቸው፤ በ2019 እስኪሞት ድረስም በየአገሩ እየዞረ ሲነግር ኖረ።